ቶሎሳ አውጣን

ባለፈው ግንቦት አንዲት የድሮ ጎረቤታችን አርፈው ላምበረት ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ነበር። ከመገናኛ ታክሲ መያዝ ስችል ሠፈሩን እያየሁ ልሂድ ብዬ በእግሬ አቀናሁ። የማውቀው ነገር አልተረፈም። የልጅነቴ ኳስ ሜዳ የት እንደነበረ የገባኝ ከጎኑ በሚያልፈው ቦይ ነው፤ ቦዩ ዛሬም እዚያው አለ። ሜዳው ላይ ግን ፎቅ ቆሞበታል፤ ከሥሩ ፋርማሲና የስልክ መሸጫ፣ ከጎኑ ደግሞ ኳስ የሚያሳዩበት ቤት። ቆሜ ሳይ ከዚያ ቤት ውስጥ የብዙ ወንዶች ጩኸት በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ጎል ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። እኔ ግን ወደ ራሴ ስመለስ በሁለት እጄ አፌን ይዤ ነበር። ማስቲካና ሶፍት የምትሸጥ ልጅ አየችኝና፣ "እትዬ፣ አሞዎት ነው እንዴ?" አለችኝ።

አላመመኝም። አሥር ዓመቴ የነበረበት ዓመት ነው የመጣብኝ።

አባባ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ቤት ውስጥ የሚያወራው በሹክሹክታ ነው። "ንግሥት፣ ውኃ አምጪልኝ" ሲለኝ እንኳ ምሥጢር የሚነግረኝ ይመስል ነበር። ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይሰማል። የእማዬ ድምፅ ትንሽ ከፍ ካለ ተነስቶ መስኮቱን ይዘጋል። ታናሽ ወንድሙ እኔ ገና መራመድ ስጀምር ከቤታችን ተወስዶ አልተመለሰም። ፎቶግራፉን እማዬ ከሣጥኑ ሥር፣ ከልብሶቹ ሁሉ በታች አድርጋዋለች። ስለ እሱ አይጠየቅም። እኔ ታዲያ ይህንን ከአባባ ድምፅ ጋር አላገናኘሁትም። ሰው ሲወለድ ተለክቶ የሚሰጠው ድምፅ ያለ ይመስለኝ ነበር፤ አባባ የራሱን በወጣትነቱ ጨርሶ፣ የቀረችውን ጥቂት እየቆጠበ የሚያወጣት። እንዳታልቅበት ስለምሰጋ ብዙ አላናግረውም ነበር።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ግን ኳስ ሜዳ ይዞኝ ይሄዳል።

ሜዳው ከደሴው መንገድ በታች ነው። ጎሎቹ የባሕር ዛፍ አጣና ናቸው፤ መረብ የለም። ሣሩ ክረምት ሲቃረብ ብቻ ይበቅላል፤ በበጋ አቧራ ነው፣ በዝናብ ጭቃ። የቀበሌያችን ቡድን ደካማ ነበር። ደህና ደህናዎቹን ልጆች ትልልቆቹ ክለቦች ወስደዋቸዋል፤ ከቀሩት ውስጥ ብዙዎቹን ብሔራዊ ውትድርና ወስዷቸዋል። ከሜዳው በላይ በመንገዱ ላይ ሸራ የለበሱ ካሚዮኖች ወደ ሰሜን ያልፋሉ። ካሚዮን ሲያልፍ ሜዳው ጸጥ ይላል፤ ተጫዋቾቹም ቀና ብለው ያያሉ። ነፋስ ሸራውን ሲገልጠው የተላጩ ራሶች ተደርድረው ይታያሉ። ትምህርት ቤት ቅማል የተገኘበት ልጅ ይላጭ ስለነበር፣ እነዚያም ቅማል ተገኝቶባቸው የሚወሰዱ ይመስለኝ ነበር። ማታ ማታ እማዬ ፀጉሬን ስትሠራኝ፣ "ደህና አድርገሽ እዪ" እያልኩ አስቸግራታለሁ።

ከቡድኑ ተከላካዮች አንዱ ቶሎሳ ነው። ሥራው ጎሚስታ ነው፤ መንገዱ ዳር በቆርቆሮ ቤት ውስጥ የመኪና ጎማ ይለጥፋል። ሃያ አራት፣ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ እጁ በጎማ ጥላሸት የጠቆረ። እዚያው ሠፈራችን ስላደገ ሕፃን ሽማግሌው ያውቀዋል። ቀልደኞቹ፣ "ስሙ ቶሎ፣ እግሩ ቀስ" ይሉታል።

ኳስ አይችልም። ይህንን የሚክድ የለም። ለጓደኛው ያቀበላት ኳስ የተጋጣሚው እግር ላይ ታርፋለች። በቀኙ በኩል የመጣ አጥቂ ሁሉ ያልፈዋል። አንዴ አንድ ቀጭን ልጅ ኳሷን በእግሮቹ መካከል አሾለከበት፤ ልጁ ጎል አግብቶ ሲጨፍር፣ ቶሎሳ ገና መሬት መሬቱን እያየ ይፈልጋት ነበር። ሕዝቡ በሣቅ ወደቀ። ቶሎሳ ቀና ብሎ ሕዝቡን አየ፤ ከዚያ እሱም ሣቀና እጁን አነሳ። ያን ዕለት ጎል ካገባብን ልጅ ይልቅ የተጨበጨበው ለእሱ ነው።

ለምን እንደዚያ እንደወደድነው ዛሬ ሳስበው አንድ ነገር ይታየኛል። ጎበዝ ተጫዋች የሚያደርገውን እዚያ ዳር የቆመ ሰው ማድረግ አይችልም፤ ያደንቀዋል እንጂ። ቶሎሳን ሲያይ ግን ራሱን ያያል። ብንገባ እንደ እሱ ነበር የምንደናበረው። ልዩነቱ፣ እኛ ሸሽተን እንወጣለን፤ እሱ አይሸሽም። በዝናብ የራሰች የቆዳ ኳስ ድንጋይ ናት፤ እሱ በግንባሩ ይገጫታል። ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ጭቃውን በክንዱ ጠርጎ እንደገና ቦታው ይቆማል። ደግሞም አንድ ችሎታ አለው፤ ኳስ ፊቱ ካገኘ አውጥቶ ይጥላል። ወደየት ብሎ አይጠይቅም። ከባሕር ዛፉ በላይ፣ ቦይ ውስጥ፣ አንዳንዴም ከአስፋልቱ ማዶ። ኳሷ ተፈልጋ እስክትመጣ እኛ እንተነፍሳለን።

በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ በነበረ አንድ ጨዋታ አንድ ለባዶ እየመራን ዝናብ ወረደ። ተጋጣሚዎቻችን የማዕዘን ምት በማዕዘን ምት ላይ እየመቱ ጎላችን ላይ ሰፈሩብን። ያኔ ከአጠገቤ አንድ ወፍራም፣ የሚያስተጋባ ድምፅ፦

"ቶሎሳ፣ አውጣን!"

ዞር ብዬ የማን እንደሆነ ፈለግሁ። አባባ ነው። ድንጋይ ላይ ወጥቶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ የአንገቱ ሥር ተገታትሯል። ቶሎሳ መታት፤ ኳሷ መንገዱን ተሻግራ ጠፋች። ከዚያች ቀን ጀምሮ የሜዳው መዝሙር ያ ሆነ። አባባ ይጀምራል፤ ሦስት መቶ ሰው ይቀበላል፦ "አውጣን! አውጣን!" እኔ ግን ደስታዬ በፍርሃት የተበረዘ ነበር። ያቺ የቀረችው ጥቂት ድምፅ ናት፤ እንዲህ ከረጫት ለሰኞ ምን ይቀራል እያልኩ እሰጋለሁ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ እሁድ ከከፍተኛው፣ ከቀበሌያችን በላይ ካለው ጽሕፈት ቤት፣ እንግዶች መጡ። ከባሕር ዛፉ ሥር ወንበር ተደረደረላቸው። የቀበሌያችን የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ጓድ መርሻ በካኪ ልብሱ ቆሞ ረጅም ንግግር አደረገ። ሰው አጨበጨበ፤ ለማጨብጨብ ያህል። ወዲያው ቡድኖቹ ገቡ። ቶሎሳ በመጨረሻ፣ የጫማውን ማሰሪያ እየጎተተ ብቅ ሲል ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። መነጽር ያደረገው የእንግዶቹ አለቃ ወደ መርሻ ጠጋ ብሎ፣ "ይህ ማነው?" አለው። እኔና አባባ ከወንበሮቹ ብዙም አንርቅም ነበር።

"ተከላካያችን ነው፣ ጓድ።"

"ጎበዝ ነው?"

መርሻ ወደ ሜዳው እያየ፣ "ሕዝብ ይወደዋል" አለ።

በሁለተኛው አጋማሽ ጎላችን ተጨነቀ። አባባ ጀመረ፤ ሕዝቡ ተቀበለ። አውጣን! አውጣን! አለቅየው መጀመሪያ ፈገግ ብሎ ነበር። ፈገግታው ቀስ እያለ ሄደ። መነጽሩን አውልቆ ሕዝቡን ከዳር እስከ ዳር አየና መርሻን፣ "ከምንድነው የሚያወጣቸው?" አለው።

ጮክ ብሎ አልነበረም፤ ግን ተሰማ። አባባ አፉን እንደከፈተ ቃሉ ውስጡ ቀረ። ቆሎ ያነቀው መስሎኝ ጀርባውን መታሁት። እጄን ያዘኝ። ጨዋታው ሳያልቅ ይዞኝ ወጣ። ከኋላችን ጩኸቱ ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው እየከሰመ ሲሄድ ይሰማኛል።

ሰኞ ጠዋት ቶሎሳን ከሥራው ወሰዱት። ከትምህርት ቤት ስመለስ የቆርቆሮው በር ታሽጓል፤ ሊለጠፍ የመጣ የካሚዮን ጎማ ደጁ ላይ እንደተጋደመ ነው። ማክሰኞ፣ እሁድ እሁድ ከአባባ ጋር የሚቆሙት ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙት ራሳቸውን አቀርቅረው አለፉ። እማዬ ቡኒውን ሻንጣ ከአልጋ ሥር አውጥታ ብርድ ልብስ፣ ሹራብ፣ ሳሙና ጨመረችበትና በሩ ኋላ አቆመችው። "የት ልንሄድ ነው?" አልኳት። "አንቺ ዝም በይ" አለችኝ። አገር ቤት፣ አክስቴ ጋ ልንሄድ እንደሆነ ገባኝ። ደስታዬን መሸከም አቃተኝ።

ረቡዕ ከኅብረት ሱቅ ደጅ ስኳር ለመውሰድ ተሰልፌ ሳለ ጓድ መርሻ መጣና አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ሰልፉ ላይ ያሉት ሴቶች ሁሉ ወደ ሱቁ መስኮት ዞሩ።

"የጋሽ ክፍሌ ልጅ አይደለሽም? ንግሥት ነሽ አይደል?"

"አዎ።"

"እናንተ ቤት ምን አዲስ ነገር አለ?"

"አገር ቤት ልንሄድ ነው" አልኩ። "እማዬ ሻንጣ አዘጋጅታለች።"

"እንዴ! መቼ?"

"እኔንጃ። አልነገረችኝም።"

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በጣም በለሰለሰ አነጋገር፣ "እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ ሜዳ ላይ የምትሉት ነገር ደስ ይላል። መጀመሪያ የጀመረው ማነው?" አለኝ።

እውነቱን ለመናገር አባባን ላድነው ብዬ አይደለም። ትምህርት ቤት "ይህንን የሠራው ማነው?" ተብሎ በዚያ አነጋገር ከተጠየቀ ሽልማት አለ ማለት ነው። ሽልማቱ ለእኔ እንዲሆን ፈለግሁ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ሣቀ። "ጎበዝ! እንግዲያው አሰሚኝ።"

"እዚህ?"

"እዚህ። እሁድ እንደምትይው።"

ጮኽኩ። "ቶሎሳ አውጣን!" ድምፄ እንደ ጫጩት ቀጥኖ ወጣ። ከሴቶቹ አንዷም ዘወር አላለች። መርሻ ከተቀመጠበት ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈ። ሣቁ ፊቱ ላይ የለም።

"አይደለም" አለ። "እኔ የሰማሁት ወፍራም ነው። የትልቅ ሰው ድምፅ ነው።"

ያኔ ገባኝ። ሰው ሳይሆን ድምፅ ነው የሚፈልገው፤ ያ ድምፅ ደግሞ ቤታችን ውስጥ በሹክሹክታ ተደብቆ ተቀምጧል። አባባ ድምፁ አልቆበት አያውቅም። ስኳሩን ሳልወስድ ቤት ገባሁ። ምን ሆንሽ ሲሉኝ ሆዴን አሞኛል አልኩ፤ ስለ ሻንጣውም ስለ ጩኸቱም ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ሌሊቱን ሁሉ አባባ በእንቅልፉ እንዳይናገር እየጸለይኩ አነጋሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አብዮት ጠባቂው ጋሽ ወርቁ፣ ጠመንጃውን በትከሻው አድርጎ መጣ። ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ የሚኖር ሰው ነው።

"እትዬ ፋናዬ" አላት እማዬን፣ ቀና ብሎ ሳያያት፤ "ልትሄዱ ነው ተብሏል። ሻንጣ እንዳይ ታዝዣለሁ።"

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። ያንን አስተያየት አልረሳውም፤ ቁጣ አልነበረም። ሻንጣውን ራሷ ከፈተችለት። ጋሽ ወርቁ አንድ በአንድ አነሳ፤ አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ የወንድ ሹራብ፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ሳሙና፣ አንድ ጥንድ ካልሲ። የሴት ልብስ የለም። የልጅ ልብስ የለም። ማንኪያውን አገላብጦ አየ። ከዚያ ሁሉንም እንደነበረ አጥፎ መለሰና ዘጋው።

"ይህ ለአንድ ሰው ነው" አለ ቀስ ብሎ። "መንገደኛ አላገኘሁም ብዬ እነግራቸዋለሁ። ከሰዓት ስብሰባ አለ። እንዳትቀሩ።"

የሻንጣውን ነገር የተረዳሁት ያኔ ነው።

የቀበሌው አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ቤት የሚጠብቀኝ ሰው ስለሌለ እማዬ ይዛኝ ገባች። አባባ ከእኛ ፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ቶሎሳን በጎን በር አስገቡት። ከንፈሩ አብጧል፤ የሚራመደው እየተጠነቀቀ ነው። መድረኩ ላይ አቆሙት። መነጽር ያደረገው የከፍተኛው ሰውዬ በመካከል፣ ጓድ መርሻ በጎኑ ተቀምጠዋል።

"ያንን መፈክር የጀመረው ማነው?" አለ ሰውዬው። "ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ። ራሱ ቢነሳ ይሻለዋል።"

የሆነ ሰው ሳል አፍኖ ሲንገበገብ ይሰማል። ያኔ የአባባ ወንበር ሲጥ አለ። ትከሻው ከፍ ሲል አየሁ። እማዬ ከኋላ የኮቱን ጫፍ በሁለት እጇ ጨብጣ ቁልቁል ጎተተችው።

"እኔ ነኝ ጓድ" አለ ቶሎሳ።

"አንተ ምን?"

"እንዲህ በሉ ብዬ የለመንኳቸው እኔ ነኝ። ቀኝ ዓይኔ አያይም። የዛሬ ሦስት ዓመት የካሚዮን ጎማ ስነፋ ቸርኬው ተስፈንጥሮ መታኝ። ኳስ በቀኜ ስትመጣ አላያትም። እነሱ ሲጮሁልኝ ነው የምመታው።"

ሰውዬው ወደፊት ዘመም አለ። "እሺ። ታዲያ ለምን 'አውጣው' አላሉም? 'አውጣን' ለምን?"

ቶሎሳ ራሱን አቀረቀረ። "አማርኛዬ ጥሩ አይደለም ጓድ። እኔ ነኝ አሳስቼ የነገርኳቸው።"

ከእኛ ጋር ነው ያደገው። አማርኛው ከማናችንም አያንስም፤ ይህንን አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሁሉ፣ መርሻም ጭምር ያውቃል። መርሻ ጠረጴዛውን ማየት ጀመረ።

ሰውዬው ተነስቶ ቶሎሳን ዞረው። እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣና በቀኙ በኩል፣ ከኋላ፣ ጫፉን ቀስ እያለ ወደ ዓይኑ አመጣው። አንድ ጣት ቀረው። ግማሽ ጣት። እማዬ ፊቷን እኔ ላይ ደፋች። እኔ ግን አየሁ። እስክሪብቶው ሽፋሽፍቱን ነካ። ቶሎሳ አልጨፈነም። ፊት ለፊቱን እኛን እያየ ቆሟል።

ሰውዬው እስክሪብቶውን ኪሱ መለሰ። ቁጣው ሁሉ መርሻ ላይ ዞረ። "ዕውር ነው የምታሰልፉት? በእንግዳ ፊት?" መርሻ ብድግ ብሎ ላቡን ጠረገ። ውሳኔው እዚያው ተነበበ፤ ቶሎሳ ከዚያች ቀን ጀምሮ ለማንኛውም ቡድን አይጫወትም፤ ለማየት እንኳ ሜዳው ዳር ድርሽ አይልም። አስፈርመው ለቀቁት። በመካከላችን ሲያልፍ ማንም ሊነካው አልደፈረም።

ያን ማታ አባባ ራት አልበላም። "ሦስት ዓመት ሙሉ ደብቆ የተጫወተባትን ነገር፣ ለእኔ ሲል አወጣት" አለ ለእማዬ።

በማግሥቱ እሁድ ቡድናችን ጨዋታ ነበረው። በኳሱ ሰዓት አባባ ከሥራ ባልደረባው የተዋሰውን የብስክሌት የውስጥ ጎማ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ "ነይ" አለኝ። እኛ ብስክሌት የለንም። ወደ ሜዳው መታጠፊያ ስንደርስ አልታጠፈም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ወደ መንገዱ ወጣ።

የቶሎሳ ቆርቆሮ ቤት ተከፍቷል። ደጁ ላይ ሰልፍ አለ። ሠላሳ፣ ምናልባትም አርባ ወንዶች፤ ሁሉንም ከሜዳው አውቃቸዋለሁ። አንዱ የጋሪ ጎማ ይዟል፣ አንዱ የተቀደደ የላስቲክ ቦት ጫማ፣ አንዱ አየር የሌለው ኳስ። የመኪና ባለቤት ከመካከላቸው አንድም የለም። እኛም ከኋላ ገብተን ቆምን።

ጋሽ ወርቁ ጠመንጃውን ይዞ ከታች ብቅ አለ። ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው።

"ምንድነው ይሄ?" አለ።

"ጎማ ልናስለጥፍ ነው" አለ ቦት ጫማ የያዘው ሰው።

ጋሽ ወርቁ ቦት ጫማውን አየ። አባባን አየ። "መንገድ እንዳትዘጉ" አለና አለፈ።

ከታች፣ ከሜዳው በኩል የዳኛው ፊሽካ ይሰማል፤ የሰው ድምፅ ግን አይሰማም። ተራችን ሲደርስ አባባ ጋዜጣውን ፈትቶ ጎማውን ሰጠው። ቶሎሳ ነፋው፤ በርሜሉን ለሁለት ቆርጦ በሠራው ገንዳ ውኃ ውስጥ ነክሮ እያዞረ አረፋ ፈለገ። ዞሮ ገጠመ። አንዲት አረፋ አልወጣችም።

"ቀዳዳ የለውም፣ ጋሽ ክፍሌ" አለ።

አባባ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ከገንዳው አጠገብ ቁጢጥ አለ።

"ደግመህ እየው" አለው።

ቶሎሳ ራሱን ወደ ቀኝ መለስ አድርጎ በግራ ዓይኑ አየው። ከዚያ ጎማውን ውኃው ውስጥ መልሶ ከተተና፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ጣት በጣት ያዞረው ጀመር።